ካብ ሥር የተኛ ውርጭ

ሙሉሐብት ነገሩን የሰማችው አንሶላ ስታሰጣ ነው። የልብስ ገመዱ የተወጠረው ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ነው፤ የቤቱ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ስለሆነ ውስጥ ያለ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ውጭ ያለው ይማርህ ይላል። በዚያ ግድግዳ በኩል የታላቅ ወንድሟ የካሴ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችውም። ካሴ ከጉና ሥር ተነሥቶ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ፣ በእሷ በር ገብቶ፣ እሷን ሳይስም ተከራይዋ ቤት የሚቀመጥበት ምን ጉዳይ አለው? የእርጥቡ አንሶላ ውሃ በክርኗ እየወረደ ቆማ አዳመጠች። «ካቡ ካልተነካ ሌላ መፍትሔ የለውም» አለ ተከራይዋ፣ መምህር ተስፋነህ፣ በዚያ ረጋ ባለ የአርባ ምንጭ አነጋገሩ። ካሴም፣ «ለእሷ አሁን እንዳትነግሯት። በሰላም አትቀበለውም። መጀመሪያ እሁድ ለሽማግሎቹ አስረዱልኝ፣ እነሱ ይንገሯት» አለ። ሙሉሐብት አንሶላውን ሳታሰጣው ወደ ሳፋው መለሰችው።

ካቡ የእሷ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ የእሷና የወንድሟ ድርሻ የሚለይበት ካብ ነው። ከጅዳ በተመለሰች ጊዜ አባታቸው ያወረሳትን መሬት ካሴ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ሲያርሰው አገኘችው። ላንቺው እየጠበቅሁት ነው አላት። የሰው ቤት ወለል ስትወለውል ጉልበቷ ያለቀ ሴት እንዲህ ዓይነቱን ጥበቃ አትወደውም። አልተጣላችውም፤ ከከተማ ግንበኞች ወሰደችና በድንበሩ ላይ ደረት የሚደርስ ድርብ ካብ አስነሣች፣ መሐሉንም በጭቃ አስጠቀጠቀች። ነፋስ አያሳልፍም ብላ ለጓደኞቿ አውርታለች። ከዚያ ከካቡ በታች ያለውን ድርሻዋን ለእኩል አራሽ ሰጠች፣ ለወንድሟ ሳይሆን ለባዳ። ካሴም አልተጣላትም። ከካቡ በላይ ባለው በራሱ ማሳ ጠርዝ፣ ካቡን ተጠግቶ፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከለ። ባሕር ዛፍ የጎረቤትን መሬት ውሃ እንደሚመጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በዓመት በዓል እየተጠያየቁ፣ ስኳርና ቅቤ እየተላላኩ፣ በጣም ተከባብረው ይኖራሉ።

አሁን የካቡን ነገር ያስነሣው ደግሞ ውርጩ ነው። ኅዳር ሚካኤል ሰኞ ዋለ፤ ማክሰኞ ሲነጋ ጉና ግርጌ ውርጭ ወርዶ አደረ። ውርጭ በኅዳር መውረዱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ከመንደሩ ሁሉ የካሴን ድንች ብቻ ለይቶ መምታቱ ነው። የግራ ጎረቤቱ ድንች አበባውን እንደያዘ ቆሟል፤ የቀኝ ጎረቤቱ ገብስ አልተነካም፤ ከካቡ በታች ያለው የሙሉሐብት ድርሻም ለምለም ነው። የካሴው ግን የተቀቀለ ጎመን መስሎ አደረ። በዚያ አገር የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን ሲመታ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን አይጠይቅም፤ ዞር ብሎ ባለማሳውን ነው የሚጠይቀው። በዓል ሽሯል ማለት ነው። ሚካኤልን የሻረ ሰው ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ መዘዝ ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ በእሱ ውርጭ፣ ነገ በሁሉም ላይ በረዶ። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ላይ፣ ካሴ በሕዝብ ፊት ተነሥቶ ጥፋቱን እንዲያምን ተነግሮታል። ካላመነ ከሰንበቴው ይወጣል። ከሰንበቴ የወጣ ሰው ቤቱ ሰው አይገባም፣ ሲሞትም ማን እንደሚያነሣው እንጃ። ሙሉሐብት ወሬውን በስልክ የሰማች ዕለት፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እሷም በልቧ ፈርዳበታለች። ሰው የሌለበትን መሬት የሚያርስ፣ ሰው የማያርስበትን ቀንም ያርስ ይሆናላ።

ካሴ በሰርቪስ ቤቱ በር ወጥቶ፣ የግቢውን በር ከፍቶ ዘጋና አሁን ገና እንደመጣ ሰው «ቤቶች» እያለ ወደ ዋናው ቤት መጣ። ሙሉሐብት ይህንን በመስኮት አየችው። ተሳሳሙ። ከጅዳ ያስመጣችው ሶፋ ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። ጾሙ በዚያው ቀን የገባ ስለሆነ እንጀራ በሽሮ አቀረበችለት፤ ጥቂት ቆርሶ ተወው። ስለ ዘይት ዋጋ አወሩ። አምስት ሊትሩ ሱቅ ውስጥ ከሺህ አልፏል አለችው፤ እሱም ጋሳይ ገበያ ድንች በኪሎ ሠላሳ መግባቱን ነገራት። የራሱ ድንች እንደሌለ ያስታወሰ ይመስል እዚያው ላይ አቆመ። ሙሉሐብት፣ አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ያነሣዋል እያለች የሌለ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ትለቅማለች። ካሴ ግን ያወጣው ሌላ ነው። ትናንት ወፍጮ ቤት ሲገባ ተራ የያዙት ሰዎች ዝም እንዳሉ፣ ሰላምታውን የመለሱለት አንድ ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ ብቻ እንደሆኑ ተናገረ። የተናገረው እየሣቀ ነው። ሙሉሐብትም ሣቀች። ከዚያ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ገበያ የምጨርሳት ጉዳይ አለችኝ ብሎ ወጣ። ከየት እንደመጣ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልነገራት።

ተስፋነህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር፣ ሰርቪስ ቤቷን በሦስት ሺህ ብር የተከራየ ልጅ ነው። ልጅ ብትለውም ሠላሳን አልፏል። ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ፣ ሁለት ወንበርና ሳይጠፋ የሚያድር ኮምፒዩተር እንጂ ሌላ ዕቃ የለም፤ ይህም ለብዙ ጊዜ ሲያስጠረጥራት ኖሯል። ሚስት የለው፣ ቴሌቪዥን የለው፣ ሌሊት ምን ይሠራል? የሌሊት አየርን ነው የማጠናው ብሎ ሲነግራት ሣቀች እንጂ አልገባትም። ካሴ ማሳ ላይ የሚሽከረከሩ ጭልፋ የመሰሉ ነገሮች ያሉበትን ረጅም የብረት ምሰሶ የተከለው እሷ ራሷ አስተዋውቃው ነው። የሚካኤል ዕለት ደግሞ የከተማው ሰው እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያቃጥል፣ ይህ ልጅ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ጭሱን ፎቶ ሲያነሣ አይታዋለች። ዘመኑ ዘመን ነው፤ ጭስ ፎቶ የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው ጭሱን ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ማን አለ። አሁን ያ ሁሉ አንድ ላይ ገጠመላት። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እስከ ትናንት አንተ ትለው የነበረችውን ልጅ ዛሬ አንቱ አለችው።

«ካቤን ለማፍረስ ስንት ቀን ነው የተማከራችሁት?» አለችው።

ተስፋነህ ደነገጠ፤ ግን አልካደም። ወንበር ሳበላት፣ አልተቀመጠችም። ቆማ እያለች አስረዳት። ቀን ፀሐይዋ መሬቱን ስለምታሞቀው አየሩ ከታች ወደ ላይ ይናወጣል፣ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ይደባለቃል። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲተኛ ያ ነውጥ ይሞታል። ያኔ መሬት ለመሬት የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል። የሚካኤል ዕለት ማለዳ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ጣሪያ ለጣሪያ ተጋድሞ የቆየው ለዚህ ነው፤ እሱም ፎቶ ያነሣው ለዚህ ነው። የእሱ ሥራ ያ ነውጥ መቼ እንደሚሞትና መቼ ተመልሶ እንደሚነሣ በኮምፒዩተር መቀመር ነው፤ ቀመሩን ሞዴል ይለዋል። ከጉና የሚወርደው ብርድ በጎረቤቶቹ ማሳ ላይ አልፎ ይሄዳል። ካሴ ማሳ ላይ ሲደርስ ግን መሬቱ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ጭቃ የጠጣ ካብ ይጠብቀዋል። ብርዱ መውጫ አጥቶ ከካቡ በላይ እንደ ኩሬ ይተኛል። ከካቡ በታች የእሷ ድርሻ የዳነውም ካቡ ስለከለለው ነው።

«እንደዚህ መሆኑን መቼ አወቁት?»

እዚህ ላይ ተስፋነህ አፈረ። ሞዴሉ በዚያ ሌሊት የካሴ ማሳ አይመታም ብሎ ነበር። ማሳው ሲመታ ስህተቱን ፍለጋ ገባ፣ ካቡን ከነጭራሹ ሳይቆጥረው እንደቀረ ተገነዘበ፣ ካቡን ሲጨምርበት ሒሳቡ ልክ መጣ። ሙሉሐብት ሣቀች፤ የደስታ ሣቅ አይደለም። «ካቡ ሳይገባበት ማሳውም ደኅና፣ ካቡም ነፃ ነበር። ካቡን ሲጨምሩበት ጥፋተኛው ካቡ ሆነ። የጨመሩትን እኮ ነው መልሶ የሰጠዎት» አለችው። የሚያፈርሱትን ካብ በሽማግሌ አፍ ሊያስፈርሱ፣ ድንበሩ ጠፍቶ መሬቱ እንደገና ሊደባለቅ፣ እሷ ደግሞ በሕዝብ ፊት ወንድሟን ያስራበች ሴት ልትባል ነው። ወሩ ሲያልቅ ቤት ይፈልጉ አለችው። «እትዬ ሙሉ፣ እኔንም ሞዴሉንም አይመኑ። እውነትዎን ነው፣ የጨመርኩትን ነው የሰጠኝ። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደው ካቡ ጥግ ያሉትን ችግኞች ይዩዋቸው። እኔ አልተከልኳቸውም» አላት። የምትሄደው ሊያሳያት የፈለገውን ለማየት ሳይሆን የተደበቀውን ለመያዝ እንደሆነ ነግራው ወጣች።

የጋሳይ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ብዙ አስጠበቃት። ረዳቱ ታሪፉ ላይ ሃያ ብር ጨምሮ፣ ነዳጅ የለም እኮ እናቴ ብሎ አፏን አስያዛት። አጠገቧ አንዲት ጎልማሳ ሴት ዶሮ ታቅፋ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ወሬ የምትወድ ናት፤ ከጠጠር መንገዱ አቧራ ጀምራ ወደ ውርጩ ደረሰች። እነዚያ ጉና ሥር ያሉት ሰዎች ዘንድ ሚካኤልን የሻረ ሰው ተገኝቷል አሉ፣ አለች። ሰውዬው ድንች ሲኮተኩት የመልአኩ ብርድ ሌሊት ወርዶ ማሳውን ለይቶ መታው። ሲኮተኩት ያየው አለ ወይ ብላ ሙሉሐብት ጠየቀቻት። ማየትስ ያየው የለም፣ ግን ብርዱ አይቶታል አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰውዬው ትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ እንዳጣች፣ ለታላቂቱ ተቆርጦ የነበረው ሠርግም እሁድ ምን እንደሚባል እስኪታይ ተብሎ እንደቆመ ነገረቻት። ሙሉሐብት ሠርጉን አላወቀችም ነበር። የወንድሟ ልጅ መታጨቷን ከማታውቃት ሴት፣ በዶሮ ላባ መሐል ሰማች። ሰውዬው ወንድሜ ነው ማለት ይገባት ነበር፤ ዶሮዋ ስንት ገዛሻት ብላ ጠየቀች። ሰባት መቶ አለች ሴትዮዋ፣ ምን ሥጋ አላት ብለሽ ነው።

ከጋሳይ ሽቅብ በእግሯ ወጣች። ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም የጉና ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ካቡን ከሩቅ ስታየው፣ ልማድ ሆኖባት፣ ደስ አላት። ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ከሥሩ የእሷ ድርሻ አረንጓዴ ነው፣ ከበላዩ የካሴ ማሳ ጥቁር። ከጥቁሩ መሐል የወንድሟ ሚስት ፈንታነሽ ጎንበስ ብላ፣ ከከሰለው ተክል ሥር ጣት የምታክል ድንች እየቆፈረች ትለቅማለች። ቀና ብላ አየቻት፣ በሩቁ እንደምን ዋልሽ ተባባሉ፣ ተመልሳ ጎነበሰች።

ሙሉሐብት ወደ ችግኞቹ ሄደች። ያሰበችው ሌላ ነበር፤ የአረም መድኃኒት ሽታ፣ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መሬት፣ አንድ የሰው እጅ ምልክት። ቅጠል ቆርጣ አሸታ አየች። የባሕር ዛፍ ሽታ እንጂ ሌላ የለውም። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ችግኞቹን አንድ ላይ አየቻቸው። ከካቡ አናት በታች ያለው ቅጠላቸው ሁሉ ጠቁሯል። ከካቡ አናት በላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። አጭሩ ችግኝ እስከ ጫፉ ተቃጥሏል፣ ረጅሙ እስከ ወገቡ ብቻ። መሬቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የጥቁሩና የአረንጓዴው ወሰን ግን ከፍ ዝቅ አይልም፣ ግንበኛ ውሃ ልክ ይዞ ያሰመረው ያህል ቀጥ ብሎ ከካቡ ጫፍ ጋር እኩል ሄዷል። በእጇ ከካቡ አናት ተነሥታ እስከ ሩቁ ችግኝ ድረስ አየር ላይ መስመሩን ተከተለችው። ይህንን ሰው አይሠራውም። ካሴ ቢፈልግም አይችልም፣ መልአኩም ቢሆን በእሷ ካብ ቁመት ልክ የሚቀጣበት ምክንያት የለም። አፈረች። ያሳፈራት ካቡ አይደለም፤ ወንድሟን አንድ ቃል ሳትጠይቀው ፈርዳበት መቆየቷ ነው።

«የሚካኤል ዕለት የት ነበራችሁ?» ብላ ጮኽ አድርጋ ጠየቀች።

ፈንታነሽ ቀና አላለችም። «እኔ ቤት ነበርሁ። እሱ ለልጁ ጠበል ሊያመጣ ጣራ ገዳም ወርዶ ነበር። ብንናገርስ ማን ያምነናል» አለች።

ሙሉሐብት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የእኩል አራሿ ጎጆ ደጅ የተጋደመውን ዶማ አምጥታ፣ መሬቱ እጅግ ጎድጎድ ያለበትን ቦታ መርጣ ካቡን ከአናቱ ጀመረችው። ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ የተከፈለበት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወድቅ ፈንታነሽ ቁፋሮዋን ተወች። ትረዳኛለች ብላ ነበር ሙሉሐብት። ፈንታነሽ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መንደሩ ተጣራች፤ ሰው ይምጣ፣ ድንበር ስትነካ ሰው ይይልኝ አለች። ሰው ለዚህ ሲሆን ይፈጥናል። ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፣ ሴቶች መጡ፣ እኩል አራሿም መጣ፣ ከጋሳይ መንገድ ደግሞ ካሴ ራሱ ዱላውን ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ክፍቱን አየ፣ የወደቁትን ድንጋዮች አየ፣ ወደ የትኛው ወገን እንደወደቁም አየ።

«ድንበሩን ወዴት ልትገፊው ነው?» አላት። በቁጣ አይደለም፤ ይህ ቀን እንደሚመጣ ሲያውቅ እንደኖረ ሰው ነው የጠየቃት።

ሙሉሐብት ትታው ብትሄድ ደስ ባላት፤ ቢያመሰግናት እንኳ ሌላ ነገር በሆነ። ከካቡ ጀርባ ያለችው እሷ ብቻ እንዳልሆነች፣ እሱም በዚያኛው በኩል እንዲሁ ሲጠባበቅ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት፣ አመማትም። ዶማውን ጣለችና ሰዎቹን ችግኞቹ ጋ ወሰደቻቸው። በጣቷ መስመሩን አሳየቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ ዱላቸውን ከካቡ አናት አጋድመው በዓይናቸው ለኩ፣ ዞረው ሌላውን ችግኝ ለኩ። «ሚካኤልን የሻረ የለም» አለች ሙሉሐብት፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። «ብርዱን እዚህ ያሳደርሁት እኔ ነኝ። እሁድም ሰንበቴው ላይ ይህንኑ እላለሁ።»

ካሴ ወደ ክፍቱ ሄደ። ዱላውን በሁለቱ የካብ ጫፎች መሐል፣ ልክ በድንበሩ መስመር ላይ ተከለው፤ ግራና ቀኙን በዓይኑ አስተካከለ፤ አንድ ጊዜ ነቅሎ በስንዝር ወደ ራሱ ማሳ መለሰውና እንደገና ተከለው። ሽማግሎቹ እንዲያዩት ጠበቀ። አዩት። ሙሉሐብት ይህንን እያየች አልከፋትም ቢባል ውሸት ነው፤ ግን በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም ትተክለው ነበር። ከዚያ ካሴ ኮቱን አውልቆ ለፈንታነሽ ሰጠና ከመሠረቱ ትልቁን ድንጋይ በአንድ ወገን ያዘ።

«በይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አላት። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ ለሁለት አነሡት።